ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩስ? ከጉለሌ ኮረብታ የሚጀምር የአንድ ጥያቄ ታሪክ



«ቤቱ ተሽጧል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ።» አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ቃል ወይ ሰምቶታል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን እሰማዋለሁ ብሎ ይፈራዋል። ቤቱን የሸጠው ሰው መብቱን ተጠቅሟል። የገዛውም ገንዘቡን ከፍሏል። ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። በመሀል ግን ልጆቹን ሠፈሩ ካለ ትምህርት ቤት ያስመዘገበ፣ ኪራዩን ሳያዛንፍ የከፈለ፣ ስለ ሽያጩ ማንም ያላማከረው አንድ ቤተሰብ አለ። የዚህ ቤተሰብ መብት ምንድን ነው? ገዢው ቤቱን ሲገዛ የኪራይ ውሉንም አብሮ ገዝቷል? ወይስ ውሉ ከሻጩ ጋር አብሮ ሄደ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሮም ሕግ አዋቂዎች ተነጋግረውበታል። የእኛ ፉቀሃእ በየመዝሀቡ ጽፈውበታል። በአገራችን ደግሞ ከአጼዎቹ ዘመን ጀምሮ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ መልሱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ታሪኩን ማወቅ ለዛሬው ተከራይም ለዛሬው ባለቤትም ይጠቅማል። ከአንድ ሁላችንም ከምናውቀው ቦታ እንጀምር።

1. ኮረብታውና ሰዎቹ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከከተማችን ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ሥር 705 ሄክታር ይዞ የተቀመጠ ሰፊ ግቢ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዛሬ ተማሪው ለጥናት፣ ቤተሰቡ ለመናፈስ ይሄድበታል። ማዕከሉ ከመቋቋሙ በፊት አካባቢውን የሞላው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ የእንጦጦ ተዳፋት የጽድና የወይራ አገር ነበር። ማዕከሉ ዛሬ የሚሠራው አንዱ ሥራ እነዚህን የአገር ዛፎች ወደ ቦታቸው መመለስ ነው።

ከዛፎቹ ሌላ ግን ሰዎችም ነበሩ። «ጉለሌ» የሚለው ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ይህ አካባቢ የሚታረስ፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ባለቤት ያለው መሬት ነበር። ከተማዋ ስትቆረቆር ቦታው ለመኳንንቱ፣ ለጦር አለቆችና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ። ሠፈሮቻችን ዛሬም የእነዚያን መኳንንት ስም ይዘው የቀሩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መሬቱ ሲሰጥ ባዶ አልነበረም። ሰጪው ስለ መሬቱ ተናገረ፤ ተቀባዩም ስለ መሬቱ እጅ ነሣ። በላዩ የሚኖረውን ሰው ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ወይ ለአዲሱ ጌታ ገባር ሆኖ ቀረ፣ ወይ ለቆ ሄደ። በዚያ ዘመን ስሙ ሽያጭ አይባልም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። መሬት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በላዩ ያለው ሰው እንደ ዕቃ አብሮ ተቆጠረ።

2. መሬት ገበያ ሲወጣ

በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ስለ አዲስ አበባ ቦታ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ የከተማ ቦታ በግል የሚያዝ፣ የሚወረስና የሚሸጥ ንብረት ሆነ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በፍጥነት የገበያ ከተማ ሆነች። ሰፊ ቦታ የተሰጣቸው ሰዎች ቦታቸውን እየቆራረጡ ሸጡ፤ ያልሸጡትም የጭቃ ቤት እየሠሩ አከራዩ።

በ1950ዎቹ በተደረገ የቦታ ጥናት ከአዲስ አበባ ጠቅላላ ስፋት 58 በመቶው በ1,768 ባለቤቶች እጅ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ባላት ከተማ ከግማሽ በላይ የሆነው ቦታ ሁለት ሺህ ባልሞሉ ሰዎች እጅ ሆነ ማለት ነው። ብዙው ነዋሪ ምን ነበር? ተከራይ።

ጉለሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ መልክ አለው። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለው አካባቢ የሸማኔዎች ሠፈር ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። የአገር ሸማኔ ሥራውን የሚሠራው መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው። ስለዚህ ለሸማኔ የተከራየው ክፍል መኝታውም ሱቁም ፋብሪካውም ነው። ወለሉ ላይ የቆፈረው ጉድጓድ የሥራ መሣሪያው አካል ነው፤ ተሸክሞት አይሄድም። ቤቱ ተሽጦ «ልቀቅ» ሲባል ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ሌላ ክፍል ፈልጎ፣ ጉድጓድ እንዲቆፍር የሚፈቅድለት አከራይ እስኪያገኝ ድረስ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ደግሞ የአዲሱ ክፍል ኪራይ ከየት ይመጣል?

ተከራይ ባለበት ቤት ሲሸጥ የሚጠፋው ጣሪያ ብቻ አይደለም። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ መስጊድ፣ ጎረቤት አብረው ይጠፋሉ። ታዲያ ሕግ አዋቂዎች ለዚህ ምን አሉ?

3. ፉቀሃእ ምን አሉ?

በፊቅህ ኪራይ «ኢጃራ» ይባላል፤ ትርጉሙም በአጭሩ የመንፈዓ ሽያጭ ነው። መንፈዓ ማለት የዕቃው ጥቅም ማለት ነው። ቤት ሁለት ነገር አለው፤ አንደኛው ራሱ ቤቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ነው። ሁለተኛው በውስጡ የመኖር ጥቅም ነው። አከራይ ቤቱን አልሸጠም፤ ለተወሰነ ጊዜ የመኖሩን ጥቅም ግን ሸጧል።

ይህን ከተረዳን የቀረው ቀላል ነው። አንድ ሰው ቤቱን ለሁለት ዓመት አከራይቶ በስድስተኛው ወር ሸጠው እንበል። የቀረው 18 ወር የመኖር ጥቅም የማን ነው? የተከራዩ ነው፤ ቀድሞ ተሽጦለታል። ሻጩ የሌለውን ነገር ለገዢው ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ በብዙዎቹ ፉቀሃእ ዘንድ ሽያጩ ትክክል ነው፤ ቤቱም የገዢው ይሆናል። ነገር ግን የኪራይ ውሉ አይፈርስም፤ ገዢው 18 ወሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ቤቱ የተከራየ መሆኑን ሳያውቅ ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ምርጫ አለው፤ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ሽያጩን አፍርሶ ገንዘቡን ይወስዳል። የተደበቀበት ነገር እንደ ነውር ይቆጠራልና።

ይህ አቋም በአገራችን ደርሶች ለዘመናት ሲቀራ በኖረው በኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ውስጥም አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን የሚደፋው አቋም፣ የተከራየ ቤት ለሌላ ሰው ቢሸጥ ሽያጩ ይጸናል፤ ኪራዩም አይፈርስም የሚለው ነው።

ሐነፊዮች መንገዳቸው ለየት ይላል። ባለቤቱ ተከራዩን ሳያስፈቅድ ቢሸጥ፣ ሽያጩ በሻጭና በገዢ መካከል የታሰረ ቢሆንም በተከራዩ ላይ ግን አይፈጸምም፤ በእርሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ተከራዩ ከፈቀደ ቤቱ ለገዢው ይለቀቃል። ካልፈቀደ ገዢው የኪራይ ዘመኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ካልፈለገ ሽያጩ እንዲፈርስለት ወደ ቃዲ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት የተዘጋጀው የዑስማኒያዎች የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ «መጀላ» የሚባለው፣ ይህንኑ አቋም በ590ኛው አንቀጹ አስፍሮታል።

አያችሁ? መዝሀቦቹ በመንገዱ ተለያዩ እንጂ በመድረሻው ተገናኙ። ጊዜው ያላለቀ ተከራይ በሽያጭ ምክንያት ሜዳ ላይ አይጣልም።

ባለቤቱ ቢሞትስ? ይህም ያው ጥያቄ ነው፤ ቤቱ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ይዞራልና። እዚህ ላይ ኢማም ቡኻሪ ያነሡት ማስረጃ ደስ ይላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ7ኛው ሂጅሪያ ዓመት ኸይበርን ከከፈቱ በኋላ መሬቱን እያለሙ የምርቱን ግማሽ እንዲሰጡ ለነባሮቹ አይሁዶች ሰጥተው ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ በኋላ ውሉ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን፣ ከዚያም በዑመር (ረ.ዐ.) ኺላፋ መጀመሪያ ቀጠለ። አቡበክርም ዑመርም ውሉን እንደገና አደሱ የሚል ነገር አልተወሳም። ቡኻሪ ይህን ያመጡት «ከተዋዋዮቹ አንዱ ቢሞትስ?» በሚለው ርዕስ ሥር ነው። ሐነፊዮች በሞት ኪራይ ይፈርሳል ቢሉም፣ ብዙዎቹ ዑለሞች ውሉ ዘመኑ እስኪያልቅ በወራሾች ላይ ይጸናል ብለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ይህ ሁሉ ጥበቃ የቆመው ጊዜ ተቆርጦለት በተዋዋሉት ኪራይ ላይ ነው። «በወር ይህን ያህል» ተብሎ ማለቂያው ሳይነገር የተያዘ ኪራይ የሚያስረው የተጀመረውን ወር ብቻ ነው ያሉ ዑለሞች ብዙ ናቸው። ጊዜ ያልተቆረጠለት ውል ጥበቃውም የአንድ ወር ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

4. ከሮም እስከ 1952ቱ ሕግ

በጥንቱ የሮም ሕግ ተከራይ ከአከራዩ ጋር እንጂ ከቤቱ ጋር ምንም የሚያገናኘው መብት አልነበረውም። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ሊያስወጣው ይችላል። የተባረረው ሰው ያለው ዕድል ቢኖር የቀድሞ አከራዩን ካሳ መጠየቅ ነው። አውሮፓ ለረጅም ዘመን በዚህ ሐሳብ ኖረች። ከዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀኑ የታወቀ የጽሑፍ ውል ያለውን ተከራይ ገዢው እንዳያስወጣው ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን ሕግም ሽያጭ ኪራይን አይሰብርም የሚለውን መርሕ ተቀበለ። ፉቀሃእ ከብዙ ክፍለ ዘመናት በፊት በመንፈዓ ሐሳብ የደረሱበትን፣ አውሮፓ በራሷ መንገድ ዘግይታ ደረሰችበት።

የእኛ አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ነው። ስለዚህ ይህ መርሕ በእርሱ በኩል ወደ እኛም ገባ። ለተከራይ የተረከበ ቤት ቢሸጥ የኪራይ ውሉ ለገዢው መቃወሚያ ይሆናል። ሕጉ አንድ ገደብ አስቀመጠ፤ ከአምስት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የተደረገ ውል በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ባለው ጊዜ ሦስተኛ ወገንን አያስገድድም።

በወረቀት ላይ መልካም ነው። የጉለሌው ሸማኔ ግን ምን ውል ነበረው? በቃል ተነጋግሮ፣ በወር ከፍሎ፣ ምስክሩ ጎረቤቱ ብቻ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሕጉ ቀኑ የታወቀ፣ ዘመኑ የተቆረጠ ውል ያለውን ሰው ጠበቀ። ዘመን ያልተቆረጠለት ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ይወጣል። ፉቀሃእ የጠቆሙት ቀዳዳ እዚህም ያው ነበር፤ ደሃው የወደቀውም በዚያው ቀዳዳ ነው።

5. ሚያዝያ 1966 እና ሐምሌ 1967

ሙስሊሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በሰሜኑና በመሀል አገር ሙስሊሙ ለዘመናት ርስት እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የኖረው። ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛ ወይም የሰው መሬት ጭሰኛ መሆን ዕጣው ነበር። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው። አያቶቻችን በገዛ አገራቸው ተከራይ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ስለዚህ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሣቸው 13 ጥያቄዎች ውስጥ መሬት የመያዝ መብት መኖሩ አያስገርምም። ሰልፈኛው ስለ በዓላትና ስለ ሃይማኖት እኩልነት ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲፈልግ የማያነሣው፣ ሲሸጥ የማያስለቅቀው መሬት ይኑረኝ አለ።

ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ መልሱ ማንም ባልጠበቀው መልክ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ መሬት መሸጥ ቀረ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ የቀረው «ትርፍ ቤት» ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ወደተባለው ድርጅት ሄዱ። ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበሩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፤ ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ዝቅተኛ ከፋዩ ነበር።

በአንድ ቀን አዋጅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ባለቤት ተለወጠ። ተከራዩስ? ባለበት ቆየ። ባለቤት ተለውጦ ተከራይ ሳይነቃነቅ የቀረበት ይህን የሚያህል ክስተት በከተማዋ ታሪክ የለም። ኪራይ የማይጨምር፣ ሽያጭ የማይነካው ቤት! ለብዙ ደሃ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ መካድ አይገባም።

ዋጋው ግን በኋላ ተከፈለ። በላቡ ሁለት ክፍል ሠርቶ በኪራይ የሚጦር አዛውንትም፣ ሰፊ መሬት የያዘው መኳንንትም በአንድ አዋጅ ተመቱ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከዝቅተኛነቱ የተነሣ ጣሪያ ማስቀየሪያ እንኳ አልሆነም። ቤቱ የማንም ስላልነበረ የሚጠግነውም ጠፋ፤ ተከራዩ ለምን ይጠግናል? መንግሥትስ በምን ገንዘብ? ቆርቆሮው ዛገ፣ ጭቃው ረገፈ፣ መጸዳጃው ለአሥር ቤተሰብ አንድ ሆነ። በላዩ ላይ ደግሞ የግል ኪራይ ስለተከለከለ አዲስ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ፤ ለሚመጣው ትውልድ ቤት እጥረት ተወረሰ።

ሌላም ነገር አለ። ሽያጭ ቢቀርም ማንሣት አልቀረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት ነው ብሏል። ቢሆንም መሬት በሊዝ ሲተላለፍና ሠፈር ሲታደስ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ በቅርቡም ከፒያሳ ተነሥተዋል። ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷል፤ ዕድሩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን አብረው አይዛወሩም። ባለቤቱ ግለሰብ ይሁን መንግሥት፣ ተከራዩ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አልተለወጠም።

6. እስከ 2016 ዓ.ም.

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ቤት መሸጥና ማከራየት እንደገና ሰፋ። ከተማዋ አደገች፤ ጉለሌን ጨምሮ በየሠፈሩ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ክፍል ተደርድሮ የሚከራይበት ግቢ በዛ። ብዙ ወጣት ሕይወቱን የጀመረው በእንዲህ ያለ ክፍል ነው። ውሉ ግን በአብዛኛው ያው የአያቶቹ ዓይነት ነበር፤ በቃል፣ በወር።

ገዢ ባዶ ቤት ይፈልጋል፤ ለባዶ ቤት የተሻለ ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ ሊሸጥ ያሰበ ባለቤት ተከራዩን አስቀድሞ ያስወጣል፤ ወይም ተከራዩ በራሱ እንዲወጣ ኪራዩን በድንገት ያንረዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ተመሳሳይ ክልከላ ለሦስት ወር አውጥቶ ደጋግሞ አራዘመው። ሁለቱም ጊዜያዊ ነበሩ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። በአዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ለጥያቄያችን ደግሞ ቀጥተኛ መልስ ሰጥቷል። ቤቱ በውርስ ከተላለፈ ወራሹ የነበረውን ውል ያከብራል። በሽያጭ ወይም በዕዳ ምክንያት ለሌላ ሰው ከተላለፈ ውሉን ማቋረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ለተከራዩ የስድስት ወር ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰጠው ይገባል።

ይህን ከፊቅሁ ጋር አስተያዩት። በውርስ ላይ አዋጁ ከብዙዎቹ ዑለሞች አቋም ጋር ገጥሟል። በሽያጭ ላይ ግን ከፊቅሁም ከ1952ቱ ሕግ መርሕም ይልቅ ለገዢው አድልቷል፤ የሁለት ዓመት ውል በስድስት ወር ማስታወቂያ ሊያጥር ይችላልና። በሌላ በኩል ደግሞ እነርሱ ያልደፈኑትን ቀዳዳ ደፍኗል፤ በቃልና በወር ይኖር ለነበረው ተከራይ ዝቅተኛ ዘመን ቆረጠለት። «እስከ ወሩ መጨረሻ» የነበረው ስድስት ወር ሆነ። ለሸማኔው ይህ ሌላ ክፍል ፈልጎ ሌላ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚበቃ ጊዜ ነው።

7. ታዲያ እኛ?

በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ የተወሰነ ስለሆነ፣ የኪራይ ክርክር የሚታየው በመደበኛው ሕግ ነው። ሙስሊም ግን ሁለት ተጠያቂነት አለበት። ሕጉ ስድስት ወር ሰጥቶት፣ እርሱ በውል ሁለት ዓመት ቃል ከገባ፣ ሕጉ ስላስቻለው ብቻ ቃሉን ማጠፍ ይቀለዋል? የማኢዳህ ምዕራፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ እንደሚያዝ እናውቃለን።

ወራሽ የሆንክ ወንድሜ፣ ወራሽ የሆንሽ እህቴ! አባት ሲያልፍ ግቢው ተሸጦ ሚራስ ይከፋፈል ይባላል። ከሰርቪሱ ክፍል የሚኖሩት ሰዎች ከአባታችሁ ጋር የገቡት ውል ካለ፣ እንደ ዕዳው ሁሉ ከክፍፍሉ በፊት ተመልከቱት። የቀብር ዕለት ድንኳን ተክለው፣ ውኃ ቀድተው ያገዟችሁ እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሻጭ የሆንክ ወንድሜ! ቤቱ ተከራይ እንዳለበት፣ የውሉም ቀሪ ዘመን ስንት እንደሆነ ለገዢው በግልጽ ተናገር። ዝም ብለህ ብትሸጥ ሁለት ሰው አታለልክ፤ ገዢውን ባዶ ቤት አስመስለህ፣ ተከራዩን ደግሞ የከፈለበትን ጊዜ ነጥቀህ። ልትሸጥ ስታስብ መጀመሪያ ተከራይህን ጠይቀው። መግዛት አቅሙ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን እንኳ ዜናውን ከደላላ ሳይሆን ከአንተ ይስማ።

ገዢ የሆንክ ወንድሜ! ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ካርታውን ብቻ አትመልከት፤ በሩን አንኳኳና ማን እንደሚኖር ጠይቅ። ከሽያጩ በኋላ የሚከፈለው ኪራይ ለሻጩ ነው ወይስ ለገዢው በሚለው ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል። ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ብዙ ጠብ የሚጀምረው ካልተጻፈ መስመር ነው።

ተከራይ የሆንክ ወንድሜ፣ ተከራይ የሆንሽ እህቴ! የታሪኩ ትልቁ ትምህርት ለእናንተ ነው። በየዘመኑ ሕጉም ፊቅሁም ተከራይን ጠብቋል፤ የጠበቀው ግን ዘመኑ የታወቀ ውል ያለውን ነው። «አከራዬ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ደጉ ሰው ይሞታል፣ ይቸገራል፣ ቤቱን ይሸጣል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ከደጉ ሰው በኋላ ለሚመጣው ነው። ውላችሁን ጻፉ፣ ዘመኑን ቁረጡ፣ በወረዳ አስመዝግቡ፤ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ።

በጉለሌ ኮረብታ ላይ መሬቱ ብዙ ባለቤት ቀያይሯል። ጎሳው፣ መኳንንቱ፣ መንግሥቱ፣ ዛሬ ደግሞ ማዕከሉ። በእያንዳንዱ ዝውውር የተጎዳው ሰው መሬቱን ያጣው ብቻ አልነበረም፤ በዝውውሩ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈው ነው። ቤት የሚሸጥ ይሸጣል፤ የሚገዛም ይገዛል። በውስጡ ያለው ሰው ግን ከበርና ከመስኮቱ ጋር አብሮ የሚቆጠር ዕቃ አይደለም፤ የገዛውና የከፈለበት ጊዜ ያለው ባለ መብት ነው።

ወላሁ አዕለም።